አውሮፕላን ሲታገድ ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ጥሬ ገንዘብ፣ ቅናሽ ወይስ ቫውቸር

እኛ አገር ምሳ ተበልቶ ሂሳብ ሲመጣ ያለውን ግብግብ ታውቁታላችሁ። "እኔ ልክፈል፣ በሞቴ፣ አይሆንም!" ይባላል። ኪስ ይያዛል፣ እጅ ይጠመዘዛል። አንድ የአውሮፕላን ሞዴል ከበረራ ሲታገድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሂሳቡ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ አየር መንገዱ አምራቹን ያያል፣ አምራቹ ኢንሹራንሱን ያያል፣ አከራዩ ውሉን ያገላብጣል፣ መንገደኛው ደግሞ ቲኬቱን ይዞ ሁሉንም ያያል።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ በአየር መንገድ፣ በባንክ ወይም በሕግ ቢሮ በኩል እንዲህ ዓይነት ውል እጁ ላይ የሚወድቅበት ነው። ሌላው እንደ እኔ ቲኬት ገዝቶ በረራው የተሰረዘበት ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ። መጨረሻ ላይ የሚቀርብላቸው ምርጫ ግን አንድ ነው፤ ገንዘብህን አሁን ትወስዳለህ ወይስ "በሚቀጥለው ጊዜ" የሚል ወረቀት ትቀበላለህ?

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የቦይንግ ኩባንያ 737 ማክስ የተባለውን አውሮፕላን ያሳገዱት ሁለት አደጋዎች የ346 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፈዋል። እዚህ የማወራው ስለቆመ አውሮፕላን ሂሳብ ነው። የሰው ሂሳብ በዶላር አይወራረድም፣ ግን እሱም ጋ እመጣለሁ። ዓመቶቹን ደግሞ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዷቸው።

መጀመሪያ፣ ስንት ጊዜ ይቆማል?

የቱ ምርጫ ይሻላል የሚለውን ከምንም በላይ የሚወስነው የእገዳው ርዝመት ነው። ችግሩ፣ በመጀመሪያው ቀን ማንም አያውቀውም።

በ1979 ቺካጎ ላይ ከደረሰው አደጋ በኋላ ዲሲ-10 የተባለው አውሮፕላን አሜሪካ ውስጥ የታገደው ለ37 ቀን ነበር። በ2013 ድሪምላይነር በባትሪው ምክንያት ሲታገድ ሦስት ወር ገደማ ቆመ። ያኔ የእኛው አየር መንገድ አራት ድሪምላይነሮች ነበሩት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2013 ወደ ናይሮቢ በመብረርም አውሮፕላኑን ወደ መደበኛ አገልግሎት ከዓለም ቀድሞ የመለሰው እሱ ነው። ቶሎ ተስተካክሎ ቶሎ የተረሳ እገዳ ነበር።

ማክስ ግን ሌላ ነገር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ እሁድ ጠዋት፣ ኢቲ 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው ሞተ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር ማክስ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን አራት ማክሶች ወዲያው አቆመ። በማግስቱ ቻይና፣ ቀጥሎ አውሮፓ አገዱ። አሜሪካ በሦስተኛው ቀን ተከተለች። 387 አውሮፕላን፣ 59 አየር መንገድ። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው "ሶፍትዌር ነው፣ ጥቂት ወር ነው" ይል ነበር። አሜሪካ እገዳውን ያነሳችው ከ20 ወር በኋላ፣ ኅዳር 2020 ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መንገደኛ ጭኖ ያበረረው የካቲት 1 ቀን 2022 ነው። ቻይና ውስጥ እስከ ጥር 2023 ቆየ።

በተቃራኒው፣ ጥር 2024 ላይ የአላስካ አየር መንገድ ማክስ 9 አየር ላይ እያለ ትርፍ የበር ቦታ የሚደፍነው ክፍል ተገንጥሎ ሲወድቅ 171 አውሮፕላን ታገደ። ግን ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር።

ሦስት ሳምንት ከሆነ ማንኛውም ምርጫ ያስኬዳል። 20 ወር ከሆነ ግን የተሳሳተ ውል ድርጅት ይገድላል።

የቆመ አውሮፕላን ምን ይበላል?

"ካልበረረ ነዳጅ አይጠጣም፣ ታዲያ ምን ወጪ አለው?" ያለኝ ሰው አለ። መኪናውን ግቢ አቁሞ ሁለት ወር ክፍለ ሀገር የከረመ ሰው መልሱን ያውቀዋል። የቆመ አውሮፕላን ጎማው በአንድ በኩል ብቻ እንዳይጫን ይዞራል። የሞተሩ አፍ ይሸፈናል፣ ወፍ እንዳይሠራበት ይታያል። ሞተሩ በየጊዜው ይነሳል፣ የነዳጅ ጋኑ ውኃ አለመቋጠሩ ይፈተሻል። የማቆሚያ ቦታም ኪራይ አለው። ይሄ ግን ትንሹ ነው።

ትልቁ የባንክ ብድሩ ወይም የአውሮፕላኑ ኪራይ ነው። አዲስ ማክስ 8 በወር ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ይከራያል። አብራሪው ደሞዝ ይፈልጋል። ቲኬቱ አስቀድሞ ተሽጧል። ነዳጅ ይቆጥብልናል ተብሎ የተገዛው አዲስ አውሮፕላን ቆሞ፣ ሊሰናበት የነበረው አሮጌ ተመልሶ ብዙ ነዳጅ እየጠጣ ይበራል። 34 ማክስ የነበረው የአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ በ2019 ብቻ እገዳው ከሥራ ትርፉ ላይ 828 ሚሊዮን ዶላር እንደቀነሰበት አስታውቋል። የጀርመኑ የጉዞ ድርጅት ቱዊ 15 ማክስ ቆመውበት እስከ 300 ሚሊዮን ዩሮ ሊያስወጣኝ ይችላል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር።

ያው ልብ በሉ፣ በመጀመሪያው ወር ይህን ሁሉ የሚከፍለው አንድ ሰው ነው፤ አውሮፕላኑ በእጁ ያለው አየር መንገድ። ካሳ ቢመጣ እንኳ የሚመጣው በኋላ ነው።

መግዛት፣ መከራየት ወይስ ከነአብራሪው መዋስ?

ለአየር መንገድ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ከእገዳው ብዙ ዓመት በፊት የሚመረጥ ነው። ያኔ ደግሞ ስለ እገዳ ማንም አያስብም።

የገዛ ሰው ብድሩን ይከፍላል። በጭንቅ ጊዜ ግን አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ከአምራቹ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል። ውሉ የእሱ ነው፣ ዋስትናው የእሱ ነው፣ ያልተረከባቸው አውሮፕላኖች ካሉትም ቀሪውን ገንዘብ ይዞ ይደራደራል። አብዛኛው ክፍያ የሚከፈለው በርክክብ ቀን ስለሆነ ይህ ቀላል ጉልበት አይደለም።

የተከራየ ሰው ነገሩ ይከብደዋል። የአውሮፕላን ኪራይ ውል ውስጥ ሁሌ የምትገኝ አንዲት አንቀጽ አለች። በአጭሩ፣ ሰማይ ቢደፋ ኪራዩ አይቆምም ትላለች። አውሮፕላኑ ባይበርም፣ መንግሥት ቢያግደውም፣ ጥፋቱ የአምራቹ ቢሆንም ወር ሲደርስ ክፈል ነው። አከራዮቹ ለዚህች አንቀጽ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ፣ ምክንያቱም እነሱም ከባንክ የተበደሩት በእሷ ተማምነው ነው። ስለዚህ በማክስ ጊዜ የተረከቡትን አውሮፕላን ያከራዩ ድርጅቶች ኪራያቸውን የመጠየቅ ሙሉ መብት ነበራቸው። ተከራዩ ግን ኪራይ እየከፈለ ከቦይንግ ጋር የሚያገናኘው የግዢ ውል እንኳ የለውም። የህንዱ ስፓይስጄት ከቦይንግም ከአከራዮቹም ጋር የተስማማው 2021 መጨረሻ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከነአብራሪው፣ ከነአስተናጋጁ፣ ከነኢንሹራንሱ መከራየት ነው፤ ዌት ሊዝ የሚሉት። በሰዓት ሲሰላ ውድ ነው። ግን ያከራያችሁ ድርጅት አውሮፕላኑ ከታገደበት በአብዛኛው ማቅረብ ያልቻለው እሱ ነው፣ ራስ ምታቱም የእሱ ነው። ለአንድ ወቅት፣ ለሐጅ ወይም ለበጋ ገበያ ከሆነ ይሄ ይሻላል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ መሥራት ግን በታክሲ እየተመላለሱ ቤት እንደመሥራት ነው፣ አያዋጣም።

እኔን ብትጠይቁኝ ትንሽ አየር መንገድ አዲስ የወጣ ሞዴል ከሆነ ያሉትን አውሮፕላኖች ሁሉ ከእሱ አያድርግ። ከተከራየም ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንዱ፣ በጥገና ጉድለቴ ሳይሆን በሞዴሉ ችግር ባለሥልጣን ካገደው ከተወሰነ ቀን በኋላ የኪራዩ ከፊል ወደ ኋላ ይገፋልኝ የሚል ነው። "ይሰረዝልኝ" ካላችሁ ሳቅ ነው የሚመልሱላችሁ። "ይገፋልኝ" ግን አንዳንዴ ይሰማል። ሁለተኛው፣ አከራዩ ከአምራቹ ካሳ ካገኘ እኔም ድርሻ አለኝ የሚል ነው። ይቺኛዋን ብዙዎች ይረሷታል።

ገና ላልተረከባችሁት አውሮፕላን ደግሞ የመውጫ ቀን አለ። ርክክቡ አንድ ዓመት ገደማ ከዘገየ ያለ ቅጣት ትዕዛዝ መሰረዝ በብዙ ውሎች የተለመደ ነው። ሚያዝያ 2020 ላይ ትልልቆቹ አከራዮች አቮሎን 75፣ ጂካስ 69 የማክስ ትዕዛዝ ሰረዙ። እርግጥ ኮሮና ገብቶ ነበር፣ ያኔ አውሮፕላን የሚፈልግ አልነበረም። "አውሮፕላኔን አምጡ" ብለው ይጮሁ የነበሩ አየር መንገዶች እንኳ በአንድ ወር ውስጥ "እባካችሁ አታምጡብን" ወደሚል ተገለበጡ። እገዳው ለአንዳንዱ በረከት ሆነ ማለት ነው።

ካሳው በምን ይምጣ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ብዙ ሰው የሚያስበው አምራቹ ጥፋተኛ ከሆነ የጠፋውን ገቢ ሁሉ ይከፍላል ብሎ ነው። የአውሮፕላን ግዢ ውል በአብዛኛው እንዲህ አይልም። ዋስትናው የተበላሸውን ዕቃ ይጠግናል። የቀረባችሁን ትርፍ፣ ያጣችሁትን መንገደኛ ግን ከውሉ ውጭ ያደርገዋል። ታዲያ ቦይንግ ለምን ከፈለ? እስከ ጥር 2020 ለማክስ ደንበኞቹ ብቻ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ሂሳብ ይዞ ነበር፣ የምርት ወጪው ተደምሮ ደግሞ አጠቃላይ ግምቱ 18.6 ቢሊዮን ገደማ ደርሷል። ይህን ሁሉ ያስያዘው ሕጉ ብቻ አይመስለኝም። ያው ደንበኛ ነገ ተመልሶ መግዛት ስላለበት ነው። ነገ ብዙ የሚገዛ ሰው ዛሬ ብዙ ይካሳል። አራትና አምስት አውሮፕላን ኖሮት ሌላ ትዕዛዝ የሌለው ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ "ደርሶናል" የሚል መልስ ያገኛል።

የኖርዌይን አየር መንገድ ታስታውሱት ይሆናል። እገዳው በተጀመረ ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ቢዮርን ኪዮስ ወጥተው ሂሳቡን ለሠሪዎቹ እንልካለን አሉ። ደፋር ንግግር ነበር። በተግባር ግን ነገሩ እስከ 2020 ተጎትቶ የ97 አውሮፕላን ትዕዛዝ መሰረዝና ክስ ላይ ደረሰ።

ካሳው ሲመጣ ሦስት መልክ አለው። ጥሬ ገንዘብ፣ ለሚቀጥለው ግዢ የሚቀነስ ሂሳብ፣ ወይም በዓይነት፤ መለዋወጫ፣ ሥልጠና፣ ርክክብን ማሸጋሸግ።

የ2024ቱ ማክስ 9 ይህን ለማወዳደር የተሠራ ፈተና ይመስላል። ያው ሞዴል፣ ያው ሦስት ሳምንት። አላስካ 150 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይጎዳኛል አለ፣ ቦይንግ በዚያው ሩብ ዓመት 160 ሚሊዮን ገደማ በጥሬው ከፈለው። ሌላው የአሜሪካ አየር መንገድ ዩናይትድ ደግሞ 79 ማክስ 9 ቆመውበት 200 ሚሊዮን ያህል ተጎዳሁ አለ፣ የእሱ ካሳ ግን ለወደፊት ግዢ በሚቀነስ ሂሳብ መልክ መጣ።

ዩናይትድ ተሸወደ? አይመስለኝም። ከቦይንግ በመቶዎች የሚቆጠር አውሮፕላን አዝዞ ይጠብቃል፣ ቅናሹን በሚቀጥለው ርክክብ ይጠቀምበታል፣ ለእሱ ወረቀቱ ገንዘብ ነው። ነገ ከዚያ ሱቅ መግዛቱን ለማያውቅ ሰው ግን ያ ቅናሽ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወተቷን ለማየት መጀመሪያ ሌላ 50 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ አውሮፕላን መግዛት አለበት። ከዚያም በላይ፣ ተፎካካሪው አምራች ኤርባስ የተሻለ ዋጋ ቢያቀርብለት እንኳ ያቺ ቅናሽ እንዳታልፈው ሲል ተመልሶ እዚያው ይገባል። ካሳው ማሰሪያ ገመድ ሆነ ማለት ነው።

አንድ ሌላ አደጋም አለ። ቅናሹ ከየትኛው ዋጋ ነው የሚቀነሰው? የማክስ 8 የዋጋ ዝርዝር በ2019 ከ121 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ እውነተኛው መሸጫ ግን የዚያ ግማሽ ገደማ እንደሆነ በዘርፉ ያለ ሁሉ ያውቃል። ዋጋው ሳይቆረጥ "ይህን ያህል እንቀንስላችኋለን" የሚል ተስፋ መርካቶ ውስጥ መጀመሪያ እጥፍ ጠርቶ "ለአንተ ብዬ ነው" እንደሚል ነጋዴ ነው። ስለዚህ ቅናሽ የምትቀበሉ ከሆነ መነሻ ዋጋው በዚያው ወረቀት ላይ ይቆለፍ።

በዓይነት የሚመጣውን አትናቁት። ከእገዳው በፊት ቦይንግ ለሳውዝዌስት፣ አብራሪዎቹ ለማክስ የሲሙሌተር (መሬት ላይ በረራን የሚያስመስል መሣሪያ) ሥልጠና ካስፈለጋቸው በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቃል ገብቶ እንደነበር የአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ አውጥቶታል። እስቲ ይህን አስቡት። ሥልጠናን የሚያስቀር የገንዘብ ምክንያት ውሉ ውስጥ ተቀምጧል። ጥር 2020 ላይ ቦይንግ ራሱ ሁሉም አብራሪ በሲሙሌተር ይሠልጥን አለ። ለአፍሪካ አየር መንገድ የሲሙሌተር ሰዓት፣ መለዋወጫ ሞተር፣ የቴክኒሺያን ሥልጠና ከቅናሽ ወረቀት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ለእነዚህ ነገሮች ነው የውጭ ምንዛሪ የሚወጣው።

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። እስከ ቀጣዩ ዓመት ለመድረስ ገንዘብ ከቸገራችሁ ጥሬውን ውሰዱ፣ ቢያንስም ውሰዱ። ከዚያ አምራች መግዛታችሁ የማይቀር ከሆነና ዋጋው ከተቆለፈ ቅናሹን ያዙ። ከሁለቱ ቅልቅል የሚቻል ከሆነ ቱዊ በ2020 ያደረገውን ተመልከቱ፤ በሁለት ዓመት የሚከፈል ካሳ፣ ለወደፊት የሚቀነስ ሂሳብና የርክክብ መዘግየት አንድ ላይ ነው የተስማማው።

ኢንሹራንሱስ?

አጭር ነው። የአውሮፕላን አካል ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለተሰበረ ነው። የቆመ አውሮፕላን አልተሰበረም። እንዲያውም ለቆመበት ጊዜ ከአረቦኑ ትንሽ ይመለስላችሁ እንደሆነ ጠይቁ፣ በብዙ ውሎች አለ። በእገዳ የጠፋ ገቢን የሚሸፍን ኢንሹራንስ የሚገዛ አየር መንገድ ጥቂት ነው፣ ውድ ስለሆነ። አምራቹ ግን በምርት ኃላፊነት ኢንሹራንሱ ውስጥ ለእገዳ የተወሰነ ሽፋን ይኖረዋል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው እንጂ።

ጥፋቱ የሞተሩ ሲሆን

አንዳንዴ ሞዴሉ አይታገድም፣ ሞተሩ ነው ጉዱ። የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር የገጠማቸው ኤርባሶች በ2023 የብረት ዱቄቱ ላይ ጉድለት ተገኘ ተብሎ ለፍተሻ መውረድ ጀመሩ። ኩባንያው ራሱ እስከ 2026 በአማካይ 350 አውሮፕላን መሬት ላይ ይሆናል አለ። እዚህ ላይ አውሮፕላኑን የሸጠላችሁ ኤርባስ "ሞተሩን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ" ይላል፣ እውነቱንም ነው። የሞተር ውል ብቻውን የሚፈረም ሌላ ውል ነው። የህንዱ ጎ ፈርስት ከዚያ ቀደም ብሎ ግንቦት 2023 ላይ ግማሽ ያህል አውሮፕላኑ በሞተር እጦት ቆመብኝ ብሎ ኪሳራ አስታወቀ። የአሜሪካው ስፒሪት አየር መንገድ በ2024 ከሞተር አምራቹ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት የሂሳብ ቅናሽ አገኘ፣ ያው ዓመት ሳያልቅ ወደ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሄደ። ምክንያቱ ያ ብቻ አይደለም፣ ግን ቅናሽ ደሞዝ አይከፍልም።

ውል የሌላቸው

አሜሪካ፣ ዊቺታ ከተማ ውስጥ የ737ን አካል ይሠራ የነበረው ስፒሪት ኤሮሲስተምስ (ከላይ ካለው አየር መንገድ ጋር ስም ብቻ ነው የሚያገናኛቸው) ቦይንግ ምርት ሲያቆም ጥር 2020 ላይ 2,800 ሠራተኛ ቀነሰ። ሳውዝዌስት አውሮፕላን ስላጠረው ወደ ኒውአርክ ከተማ መብረር አቆመ። የሳውዝዌስት አብራሪዎች ማኅበር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደሞዝ ቀረብን ብሎ ቦይንግን ከሰሰ። በሌላ በኩል አየር መንገዱ ካገኘው ካሳ 125 ሚሊዮን ዶላር ለሠራተኞቹ አካፈለ፣ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። የቦይንግ ሥራ አስኪያጅ ዴኒስ ሙይለንበርግ ታኅሣሥ 2019 ሲሰናበቱ በአክሲዮንና በጡረታ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይዘው ወጡ። ባለአክሲዮኖች የቦርድ አባላቱን ከሰው 237.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወሰን የከፈለው ኢንሹራንሳቸው ነው።

ጥር 2021 ላይ ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች ነው። ለ346ቱ ሟቾች ቤተሰቦች የተመደበው 500 ሚሊዮን ነው። ቤተሰቦቹ በፍትሐ ብሔር ክስ ሌላ መንገድ አላቸው፣ ቦይንግም በ2021 መጨረሻ ለኢቲ 302 ኃላፊነቱን ተቀብሏል። ግን በዚያ አንድ ወረቀት ላይ የቆመው አውሮፕላን ባለቤት ከሟቹ ቤተሰብ ከሦስት እጥፍ በላይ ማግኘቱን ሳነብ ለትንሽ ጊዜ ስክሪኑን ዘግቼ ነበር።

አሁን ቲኬት ለያዘው

ለእናንተም ሦስት ነገር ይቀርባል፤ ሌላ በረራ፣ ገንዘብ ወይም ቫውቸር።

አንድ ዓመት የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። በረራዬ ተሰረዘ፣ የአየር መንገዱን ስም አልጠራም። ስልክ ላይ ያለችው ልጅ በጣም ትሁት ነበረች። "እመቤት፣ ቫውቸር ብሰጥዎት 10 በመቶ እጨምርልዎታለሁ" አለችኝ። ተቀበልኩ። ቫውቸሩ ለአንድ ዓመት ነው የሚሠራው፣ ለአንድ ስም ብቻ፣ በዓል ሰሞን አይሠራም። እኔ ደግሞ ከበዓል ሰሞን ሌላ መቼ እሄዳለሁ? እዚያው ኢሜሌ ውስጥ ሞተ። የዩናይትድን ቅናሽ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ለዩናይትድ ያ ወረቀት ገንዘብ ነው፣ በየወሩ አውሮፕላን ይረከባል። እኔ በሦስት ዓመት አንዴ ነው የምሄደው።

ሞዴል ሲታገድ ግን "ገንዘቤን መልሱ" ማለትም ሁሌ ብልህነት አይደለም። በየቦታው ወንበር ይጠፋል፣ ዋጋ ይወጣል። ከስድስት ወር በፊት በርካሽ የገዛችሁት ቲኬት ገንዘቡ ቢመለስ ያንኑ ወንበር አይገዛም። ስለዚህ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ቪዛ የሚያልቅበት ቀን ካለ ገንዘብ አትጠይቁ፣ ሌላ በረራ ጠይቁ፤ በሌላ አየር መንገድም ቢሆን። ጉዞው ቢቀር የማይጎዳችሁ ከሆነ ገንዘቡን ውሰዱ። ቫውቸር የምትወስዱት በዚያ ዓመት መሄዳችሁ እርግጥ ከሆነ ብቻ ነው።

መብታችሁ ከየት እንደምትነሱ ይለያያል። ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም ወደ አዲስ አበባ ከሆነ የአውሮፓ ሕግ ማንኛውንም አየር መንገድ ይይዛል። ከአዲስ አበባ ወደዚያ ከሆነ ግን የሚይዘው የአውሮፓ አየር መንገድን ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ቲኬት ስትሄዱ ያላችሁ መብት ስትመለሱ ላይኖር ይችላል። ሕጉ ሌላ በረራ ወይም ገንዘብ ትመርጣላችሁ ይላል፣ ቫውቸር ያለ ፊርማችሁ አይሰጣችሁም። ምግብና ሆቴልም አለ። ከ250 እስከ 600 ዩሮ የሚባለው ካሳ ግን በእገዳ ጊዜ "ከአቅማችን በላይ ነው" ስለሚባል ብዙ አትጠብቁት።

ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ከሆነ፣ አየር መንገዱ ሰርዞ ሌላውን አማራጭ ካልተቀበላችሁ "የማይመለስ" የተባለው ቲኬት ጭምር ይመለሳል። በካርድ ከከፈላችሁ በሰባት የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ ከሆነ በ20 ቀን ነው። ከወኪል ለምትገዙ፣ የዋሽንግተን አካባቢ ሰው ይህን ልብ ይበል፣ የካርድ መግለጫችሁ ላይ የወጣው ስም የማን ነው? የወኪሉ ከሆነ መላሹ ወኪሉ ነው፣ አየር መንገዱን ስትጨቀጭቁ አትዋሉ። ከእስራኤል ወይም ወደ እስራኤል የሚበር ሰው በ2012 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ገንዘብ ወይም ምትክ ቲኬት የመምረጥ መብት ይሰጠዋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ ወይም ጅዳ ከሆነ ዋናው አገሮች ስለ ዓለም አቀፍ በረራ የተፈራረሙት የሞንትሪያል ስምምነት ነው፣ ኢትዮጵያም ገብታበታለች። እሱ በመዘግየት የደረሰባችሁን ጉዳት ነው የሚያየው፣ በደረሰኝ። የሆቴል፣ የታክሲ፣ የምግብ ደረሰኝ አስቀምጡ። ኮንትራት ይዛ ወደ ሥራ የምትመለስ እህት ካለቻችሁ ደግሞ ከገንዘቡ በፊት አየር መንገዱ በረራው መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍላት አድርጉ። ያቺ ወረቀት ለአሠሪዋ ከቲኬቱ ዋጋ በላይ ነች።